«የማይነበብ አልረከብም» ያሉት እህታችን

እኛ ታናናሾቻቸው እታለም እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እህታችን፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1953 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ልክ ነው ብለው ከያዙት ነገር ፍንክች የማይሉ ነበሩ። አባታችን «ይቺን ልጅ ከማሳመን ግንድ በጥርስ መላግ ይቀላል» ይሉ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቀው፣ በዚያው ዓመት በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ።

በ1979 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በሥራቸውም ደረጃ በደረጃ አድገው የአንባቢያን አገልግሎት ኃላፊ ሆኑ። ተማሪው ሁሉ ስልክ መያዝ ሲጀምር፣ ሌሎች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጠፉ። እርሳቸው ወረቀቱን ልጠው «ድምፅ ቀንሱ» የሚል ተኩበት። ምክንያት ነበራቸው። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ስልክ፣ ጽሑፍ ሲሰጠው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ስለዚህ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ረዳቶቻቸው ጋር መማሪያ መጻሕፍቱን በስካነር እያነሱ፣ ስካነሩ ያሳሳተውን ፊደል በእጃቸው እያረሙ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ወደ ተማሪዎቹ ስልክ ይልኩ ነበር። ከመላካቸው በፊት ስልካቸውን በፊቱ ደፍተው በጆሯቸው ብቻ ያዳምጡታል፤ ግር ያላቸውን ቦታ መልሰው ያርሙታል። ይህን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ እራት እየሠሩ ነው። ባለቤታቸው «ጨው ፍለጋ ወጥ ቤት ስገባ የውል ሕግ ይነበብልኛል፤ ጡረታ ስወጣ የጥብቅና ቢሮ እከፍታለሁ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በስልክ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ ገዛ። ስልክ ውስጥ ላለ ነገር በር ላይ ሪባን ተቆረጠለት፤ ኬክ ተበላለት። ዛሬ ቀብር ላይ ቆመን ቃል መምረጥ እንዳለብን እናውቃለን፤ እውነቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብለን አናልፈውም። ወደ መተግበሪያው የገቡት መጻሕፍት የገጾቹ ፎቶግራፎች ብቻ ነበሩ። ለሚያይ ሰው ያምራሉ። የማያይ ተማሪ ሲከፍታቸው ግን ስልኩ በየገጹ «ምስል» ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይወጣውም። አንዲት የሕግ ተማሪ ቢሯቸው መጥታ «እትዬ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ፈተናው ላይ እሱኑ ልጻፍ?» አለቻቸው።

ንብረቱን ፈርመው መረከብ የነበረባቸው እታለም ነበሩ። «የማይነበብ አልረከብም» አሉ። እርሳቸውና ረዳቶቻቸው ያረሙት ጽሑፍ ከፎቶግራፎቹ ጋር ቢገባ ነገሩ እንደሚስተካከል አስረዱ፤ ጽሑፉንም ይኸው ብለው አቀረቡ። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት «ለጥቂት ልጆች ብለን የሁሉን ሰው ሥራ እናቁም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። እህታችንም «ጥቂቶቹም የተመዘገቡት እዚሁ ነው» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ዛሬም ያንገበግበናል። የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው የገዙትን ራሳቸው ፈርመው ተረከቡ። ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ቀጥሎ «ሁለት አሠራር አያስፈልግም» ተብሎ፣ ለዓመታት የታረሙት መጻሕፍት ያሉበት የኮምፒውተር ማኅደር ተቆለፈ። እህታችን ደግሞ ከኃላፊነታቸው ተነስተው ምድር ቤት፣ አሮጌ ጋዜጣ ወደሚከመርበት መጋዘን ተዛወሩ። መስኮት የለውም፤ ቧንቧ ያንጠባጥብበታል። ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉ ሰው እዚያ ተጣሉ ብለን ስንናገር እኛ አናፍርም፤ ማፈር ያለባቸው ሌሎች ናቸው።

ምድር ቤት ኔትዎርክ አይደርስም። እታለም በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ወጥተው እየተቀመጡ፣ አዲስ ያረሙትን በገዛ ስልካቸው ለተማሪዎቹ ይልኩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ያለ ምንም ሽኝት ጡረታ ወጡ። እቤታቸው ሆነው፣ ቀድሞ ሠርተው የጨረሱትን መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ማረም ጀመሩ። ጀርባቸውን እያመማቸው፣ መድኃኒት እየተቀቡ ነው የሠሩት። የተሠራ ሥራ ተቆልፎ፣ ያው ሰው ያንኑ ሥራ በጡረታው ሁለተኛ ሲሠራ ማየት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ያየ ያውቀዋል። ያቺ የሕግ ተማሪ በዚህ መንገድ ተምራ ተመርቃለች፤ ዛሬ ጠበቃ ናት፤ እዚህም ቆማለች።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በሆስፒታልና በቤት ሲረዱ ቆዩ። የሆስፒታል አልጋ ላይም ሆነው ምዕራፍ እያዳመጡ ነርሷን «ይህች ቦታ ገባችሽ?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። የጀመሩትን የስታትስቲክስ መጽሐፍ ሳይጨርሱ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከዩኒቨርሲቲው መልእክት ደረሰን። በዚህ ጽሑፍ ላይ «የዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ መሥራች» እንድንላቸው ተጠየቅን። አላልንም። በቁማቸው ምድር ቤት ያወረዷቸው ሰዎች ዛሬ ስማቸውን ለመተግበሪያው ማስጌጫ ሊያደርጉት አይችሉም። የአበባ ጉንጉኑ ግን ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ምክትል ፕሬዚዳንቱም እዚህ ተገኝተዋልና በፊታቸው እንናገር፦ እኛ ማዕረግ አልጠየቅንም። ማኅደሩ ይከፈት። ተማሪዎቹ ፈተና የሚቀመጡት በሚቀጥለው ወር ነው፤ መጻሕፍታቸውም ታርመው ካለቁ ዓመታት ተቆጥረዋል።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ቀጣዩን ምዕራፍ የሚጠብቁ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ቁልፉን ለያዙት ሰዎች ግን፣ እስኪከፍቱ ድረስ ዕረፍት አይስጣቸው።