«ቀለም» ለማለት «ቀለብ»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2001

ዛሬም ሙቀቱ ለጉድ። የማባዣ ክፍሉ ቆርቆሮ ግሎ፣ እኔ ውስጡ የአሥረኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና በማባዣዬ ሳዞር ዋልኩ። ሁለት የስቴንስል ወረቀት ተቀደደብኝ። ጣቶቼ ጥቁር። በሎሚ አሸሁ፣ በአመድ አሸሁ... አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልለቀቀ ቀለም ዛሬ ሊለቅ?

ድሮ በዕረፍት ሰዓት መምህራኑ ደጄ ያለችው አግዳሚ ላይ ይኮለኮሉ ነበር። «እትዬ እናትነሽ፣ የኔን ያስቀድሙልኝ» ባዩ ብዙ። አገዳ ይዞልኝ የሚመጣ፣ ፓፓያ ይዞልኝ የሚመጣ... ዛሬ አግዳሚዋ ላይ የዘበኛው ዶሮ ተኝታለች። ሰዎቹስ? ኮምፒውተር ክፍል። ከቢቸና የተመደበችው አዲሷ መምህርት የትናየት እዚያ ናት። ሳቋ እኔ ድረስ ይሰማል። ጥርሷ ያምራል፣ አልክድም። ግን ጥርስ ለማየት ይኼ ሁሉ ሰው?

ርእሰ መምህሩ አቶ ጌታሁን ጎራ አሉ። ወላጆች ባዋጡት ብር ፕሪንተር ሊገዛ ነው፤ ፈተና ከእንግዲህ በኮምፒውተር ተጽፎ በሱ ይወጣል። «እርስዎም ያርፋሉ» አሉኝ። ማን ዕረፍት ጠየቀ?

የማባዣ ክፍሉ ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው ያለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ፈተና ሾልኮ አያውቅም። ፕሪንተሩ ሲመጣ ቁልፉ ማን አንገት ላይ ሊሆን ነው? አልጠየቅኋቸውም። መልሱን ፈራሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የግዢ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አቶ ጌታሁን፣ የንብረት ክፍሏ ሀጀራ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሰብሳቢ ማን? የትናየት! መጥታ ሁለት ወር አልሞላትም።

ከደሴ ሦስት ፕሮፎርማ መጥቷል። አንዱን ወዲያው ጣለችው። «ይቺ በፈሳሽ ቀለም ነው የምትሠራው። በዚህ ሙቀትና አቧራ ሁለት ሳምንት ከቆመች ቀለሟ ይደርቃል። የዱቄት ቀለም የምትጠቀመው ሌዘሯ ናት የምትሻለን» አለች። አቶ ጌታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። ለኔ እንዲያ ነቅንቀውልኝ ያውቃሉ? ሁለት ሌዘሮች ቀሩ፤ አንዷ ትንሽና ርካሽ፣ አንዷ ትልቅና ውድ።

ቃለ ጉባኤውን ታይፕ አድርጌ ለፊርማ አመጣሁ። «የማተሚያዋ ዋጋ፣ ጥራትና የቀለም ወጪ ይታያል» ማለት ነበረብኝ። ጣቴ ስቶ «የቀለብ ወጪ» ብሎ አርፏል። የትናየት ጮክ ብላ አነበበችው። «እትዬ፣ ማተሚያዋን ልንቀልባት ነው እንዴ?»

ሳቁ። አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ። ታይፕ ላይ የወጣ ፊደል አይመለስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወፍጮ ቤት ሳይቀር ሰምቷል። የጂኦግራፊው መምህር ሚስት ተራዋን እየጠበቀች፣ «ለማተሚያዋስ ማሽላ አይፈጭላትም?» አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሀጀራ መጋዘን ውስጥ ጠመኔ እየቆጠረች አጽናናችኝ። ሰዎቹ ዝም ብለው ሳቁ እንጂ አንቺ አልተሳሳትሽም ትላለች። ወላሂ ብላ ማለች። አባቷ ዋጃ ገበያ ወርደው ላም ሲገዙ ቀድመው ዋጋ አይጠይቁም አሉ። «ስንት ትበላለች? ነው የሚሉት። ርካሽ ሆና ሆዳም ከሆነች ቤት ታፈርሳለች።»

ይኼ ነገር ገባኝ። ፕሮፎርማዎቹን እንደገና አየኋቸው። ትንሿ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ናት። ቶነር የሚሉት ዱቄቷ ግን አንዱ ሺህ ብር ሆኖ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ገጽ አትሞ ያልቃል። ትልቋ ሰባት ሺህ አራት መቶ። የሷ ቶነር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር፣ ግን አሥር ሺህ ገጽ ትሄዳለች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው በዓመት ስንት ገጽ እናትማለን የሚለው ላይ ነው።

ይኼን ደግሞ ቆቦ ውስጥ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ከ1982 ጀምሮ ያዞርኩትን ወረቀት በደብተር እመዘግባለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

ከሰዓት የትናየት መጣች። በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ በዓመት ስንት ወረቀት እንደምናባዛ ያውቃሉ? እኔ አምስት ስድስት ሺህ ይሆናል ብዬ ነበር። ያን ያህል ከሆነ ትንሿ ትበቃናለች።»

ደብተሩ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ጠፍቷል» አልኳት። «ደብተሩ ጠፍቷል።»

ለምን እንዲህ አልኩ? አፌ ቀደመኝ? አይደለም። አውቄ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ደመርኩት። አምና ብቻ ሠላሳ ስምንት ሺህ ወረቀት። ትንሿ ብትገዛ በዓመት ሃያ አምስት ቶነር ትበላለች! ሃያ አምስት ሺህ ብር። ትልቋ አራት ብትበላ ነው። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፣ ያው።

እንግዲህ ትንሿን ይግዙ። ጥር ላይ ፈተናው መሐል ቀለቧ ያልቃል። ከዚያስ ወደ ማን ይመጣሉ? ማባዣዬ ዘይት ተቀብታ ትጠብቃቸዋለች። ቁልፉም አንገቴ ላይ። አግዳሚዋም ትሞላለች...

ብቻዬን ስስቅ ሞላ አየኝ። ከአጨዳ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነው። ባሌ ነውና ነገርኩት። ያለ ደብተሩ፣ ስለ ልጅቷ ብቻ። አድምጦ አድምጦ፣ «አንቺ፣ በኔ እንኳ እንዲህ ቀንተሽ አታውቂም» አለኝ።

«ባንተ ምን ያስቀናል?» አልኩት።

ሳቅን። ግን ቃሉ እንደ አሜከላ ተሰካብኝ። ቅናት ነው እንዴ ይኼ? እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መዝገብ ቤት ፋይል ልፈልግ ገባሁ። የትናየት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አቧራ በአቧራ ሆና ታስነጥሳለች። ከፊቷ የአምና ፈተና ተቆልሏል። ምን ታደርጊያለሽ አልኳት።

«እየቆጠርኩ ነው እትዬ። ደብተሩ ከጠፋ ምን ይደረጋል።»

አንድ በአንድ! ግማሹ ፈተና ደግሞ በየተማሪው እጅ ቀርቷል፣ እዚያ የለም። በፍጹም አይሞላላትም። አልነገርኳትም። ፋይሌን ይዤ ወጣሁ።

ኋላ ሀጀራ ሹክ አለችኝ። አቶ ጌታሁን ለልጅቷ፣ ወላጅ ማሽላውን ሸጦ ያዋጣው ብር ነው፣ ምርጫው ከተበላሸ ወላጆች ፊት ቆመሽ የምትመልሺው አንቺ ነሽ ብለዋታል። የሙከራ ጊዜዋ እንኳ ገና አላለቀም።

ይበላት። ሰብሳቢ መሆን አማራት አይደል?

ስታስነጥስ እንኳ ታምራለች፣ የታባቷንስ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ቅዳሴ ቆሜ ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ስል ጨረስኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጠዋት ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ላሳያቸው ነው? አላውቅም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ስብሰባው ተጀመረ። የትናየት ዓይኗ ቀልቶ፣ ወረቀት ይዛ ተነሣች። የቻለችውን ቆጥራ ዘጠኝ ሺህ ደርሳለች። «በርግጠኝነት አልናገርም፤ ግን በዚህ ሂሳብ ትንሿ የምታዋጣ ይመስለኛል» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። ያ ሳቋ የት ገባ? አቶ ጌታሁን ብዕራቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሊፈርሙ።  ከፈረሙ አበቃ። እኔ አሸነፍኩ።

«ቀለቧስ?» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ሀጀራ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ያዘች። አቶ ጌታሁን «ደግሞ ጀመሩ እንዴ?» በሚል ዓይን አዩኝ።

«ማተሚያዋ ስንት ትበላለች? ዋጋዋን አይደለም የምለው፣ ቀለቧን።» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።  የ2000 ዓ.ም.ን ገጽ ገለጥኩ። ሠላሳ ስምንት ሺህ። ሃያ አምስትና አራት። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ክፍል ገብቶ እንደሚያስተምር መምህር።

 የሳቀ የለም። አቶ ጌታሁን በጣታቸው ደመሩ፣ በወረቀት ደመሩ። «ትንሿ እኮ በሁለት ዓመት ትምህርት ቤቱን ትበላዋለች» አሉ ለራሳቸው።

የትናየት ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች። «ተገኘ እንዴ?»

«ተገኘ» አልኩ። ሌላ ውሸት።

«እንኳን ተገኘ» አለች። 

ትልቋ ትገዛ ተባለ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው? ቁልፌን በገዛ እጄ ስለሰጠሁ ነው?

ኅዳር 12

መጣች። እንደ ሙሽራ በካርቶን ተሸፍና ከሚኒባስ ወረደች። በደቂቃ ሃያ ምናምን ገጽ ትተፋለች፣ ስቴንስል የለ፣ እጀታ ማዞር የለ። መምህራኑ ከበዋት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ለኔ ማባዣ ማን እልል ብሎላት ያውቃል?

አዲሷ የተቀመጠችው ማባዣ ክፍል ነው። አቶ ጌታሁን ወሰኑ፤ ፈተና የሚቆለፍበት ክፍል እሱ ብቻ ነውና። ቁልፉ ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ አሉ። ለጊዜው... ቃሏን እስካሁን እያኘክኋት ነው።

ታኅሣሥ 6

የትናየት በኮምፒውተር መጻፍ እያስተማረችኝ ነው። በሷ ጥያቄ። እንዴት ያለች ታጋሽ ናት! ይኼም ያናድደኛል። ብትቆጣኝ በወጣልኝ።

የተሳሳተ ፊደል ይጠፋል፣ ሌላ ይተካል። ወረቀቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ነጭ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይኼን የሚያውቅ ሰው የት ነበር?

ዓርብ፣ ጥር 22

አክስቴ ዋጃ ዐረፉ። ነፍስ ይማር። ጠዋቱን መሄድ አለብኝ። የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ደግሞ ገና አልታተመም፤ ሰኞ ፈተና ነው። ቁልፉን ማን ይያዝ? አቶ ጌታሁን ወልድያ ናቸው።

የትናየትን ጠራኋት። ክሩን ከማተቤ ፈታሁት። ቋጠሮው ጠንክሮ እምቢ አለ፣ በጥርሴ ነው የፈታሁት። እሷ ትጠብቃለች። ሳልሰጣት ግን አንድ ልነግራት የሚገባኝ ነገር ነበር።

«ደብተሩ ያን ጊዜ አልጠፋም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ።»

 «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ያን ሁሉ አቧራ ስትቅሚ?»

«እርስዎ እስኪያገኙት ብዬ ነዋ» አለች። ቀጥላ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ «እኔም ያን ቀን ጮክ ብዬ ማንበብ አልነበረብኝም። እናቴን ሰው ቢስቅባት...» ብላ አልጨረሰችውም።

ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩት። ሚኒባስ ውስጥ እጄ ሲሄድ ሲመለስ አንገቴን ይዳብሳል። ባዶ። ቀለለኝ ወይስ ጎደለኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 27

ከለቅሶ ተመለስኩ። ገና ከግቢው በር አግኝታኝ፣ ሳልጠይቃት ቁልፉን ሰጠችኝ። ጣቶቿ እስከ አንጓዋ ጥቁር ናቸው። ቶነር ስትቀይር ተደፍቶባት ነው። በሎሚ እሺው አልኳት። በአመድም አልኳት። የኔ ጣት ደግሞ ነጭ... የሌላ ሰው እጅ መስሎ ይታየኛል።

ደብተሬን ገለጥኩ። በሷ እጅ ጽሕፈት፣ ቀንና ሰዓት ሳይቀር፦ «የዘጠነኛ እንግሊዝኛ፣ 1,840 ወረቀት። ተበላሽቶ የተቃጠለ፣ 11። እትዬ ስለሌሉ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።» መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቁጥሩ የጠራ። ከኔ የበለጠ ያምራል። ቀናሁ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ቀናሁ።

ከሰዓት የመንፈቁን ሪፖርት ለአቶ ጌታሁን በኮምፒውተር ጻፍኩ፤ እሷ ጎኔ ተቀምጣ። «የማተሚያዋ የቀለም ወጪ» ብሎ ጣቴ አንድም ሳይስት ጻፈ። አየሁት። እሷም አየችው።

«ቀለም» የሚለውን አጠፋሁና «ቀለብ» ብዬ ጻፍኩ።