ቀዩ ቦቴ እንዳይቆሽሽ

ለክቡር የጥድ አምባ ንዑስ ከተማ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከመካነ ሰላም ወዲህ ያለው ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯልና ጉንፋን እንዳይነካዎ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም እየተጸለየልዎ ነው። እኛ የከተማዋ የእሳት መከላከል በጎ ፈቃደኞች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መለጠፋችን ለድፍረት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣን ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ምናልባት በመኪና ሲያልፉ ያነቡልን እንደሆነ ብለን ነው።

ማን እንደሆንን ቢዘነጉ አንቀየምም። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት በአንድ የገበያ ቀን የእህል በረንዳው ነደደ። ከሩቅ የተጠራው የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ ለማጥፋት የቀረለት ጭስ ብቻ ነበር። በማግስቱ ልብስ ሰፊው አሕመዲንና በያጁ ሙላው አመዱ ላይ ቆመው ሲተክዙ አሕመዲን፣ «መኪናው እስኪመጣ ከምንጠብቅ እኛው ብንቀድም አይሻልም?» አለ። ማኅበራችን ከዚህ ሌላ የምሥረታ ጉባኤ አልነበረውም። ሙላው ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ደወል ሠርቶ ገበያው መሀል ያለው ወይራ ላይ ሰቀለው። እኔም የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝና ጄሪካኖቼን ከሱቅ አወጣሁ። ቸርኬው በተመታ ቁጥር ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። የወፍጮ ቤቱም የትምህርት ቤቱም ጣሪያ ዛሬ የቆመው በዚያ ሩጫ ነው።

እንግዲህ ለዋሉልን ውለታ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

፩. ቸርኬው ስብሰባ ይረብሻል ብለው ስላስወረዱልን እናመሰግናለን። በምትኩ በየምሰሶው ያስለጠፉት የስልክ ቁጥር በጣም ያምራል። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቁጥሩን ሳንደውልበት በቃላችን አጥንተነዋል።

፪. ከለጋሾች የመጣውን ቀይ የውሃ ቦቴ ሪባን ቆርጠው ከመረቁልን ወዲህ፣ አቧራ እንዳይነካው ሸራ አልብሰው ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ስለቆለፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እስከ ዛሬ ጎማው ጭቃ አልነካም።

፫. ይህ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡን። ባለፈው ጥር አንድ ረፋድ ላይ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን ሀሊማ ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ቤቷ ተያያዘ። አልጋ የያዙት እናቷ ውስጥ ነበሩ። ስልኩ አልሠራም። ሙላው እየሮጠ ግቢዎ ድረስ ቢመጣ ጥበቃው በትሕትና፣ «ወላሂ ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም፤ አስተዳዳሪው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ገብተዋል» አሉት። አዳራሹ ሲደርስም በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ፣ «እስከ ሻይ እረፍት ማንም እንዳይገባ ተብሏል» አለችው።

እኛ ጋ የሻይ እረፍት አልነበረም። ሀሊማ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ከእጃችን ልታመልጥ ስትታገል አሕመዲን ደረሰ። ጋቢውን ውሃ ነክሮ ተከናነበ። «ተው አትግባ፣ ጣሪያው ሊወድቅ ነው!» አልኩት። «አልታዬ፣ እሳቸው እኮ በራሳቸው መውጣት አይችሉም» አለኝና ቢስሚላህ ብሎ ገባ። አሮጊቷን ታቅፎ ሲወጣ የጋለውን የቆርቆሮ በር በእጆቹ ገፍቶ ነበር። እሳቸው ተረፉ። ሐኪሞቹ ለእጆቹ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ፤ መርፌ ግን ከእንግዲህ አይዝም። አሁን ሱቁ ውስጥ ሚስቱ ትሰፋለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ጠበብ አድርጊው» ይላታል። ደንበኛ ፊት ይቀልዳል፣ ይስቃል። ደንበኛው ሲወጣ እጆቹን ጋቢው ሥር ይከታል፤ እኔ የማየው አይመስለውም።

፬. ለሕክምናው የድጋፍ ደብዳቤ ስንጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ «ማን ግባ አለው?» ሲል መለሰልን። ብዙ አሰብንበት። እውነት ነው፣ ማንም ግባ አላለውም።

ክቡርነትዎን የምንለምነው ብዙ አይደለም። የቦቴው ቁልፍ ከኪስዎ ወጥቶ ቦቴው አጠገብ ይደር። ቸርኬውን መልሰን ስንሰቅል ደግሞ አይከልክሉን፤ ቢከለክሉንም እንሰቅለዋለን፣ ይህን የምንነግርዎ ለመረጃ ያህል ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ስብሰባዎን ጭስ እንዳይገባበት ይጠብቅልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣
አልታዬ ፈንታው
ስለ በጎ ፈቃደኞቹ፤ የነዋሪዎች ፊርማ ከዚህ በታች ይቀጥላል

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ለሥልጠና ደሴ በነበሩበት ጊዜ የቤትዎ ማድ ቤት በእሳት ተያይዞ ነበር። ባለቤትዎ ጮኸው ጠሩን፤ ያለ ፈቃድ አጥርዎን ጥሰን ገብተን በጄሪካን አጠፋነው። «እባካችሁ እሱ እንዳይሰማ» ስላሉን ዝም ብለን ቆይተናል። ትናንት ግን ባለቤትዎ የአሕመዲንን ነገር ሰምተው ሱቁ ድረስ መጡና፣ ሲወጡ «ንገሩት» አሉን። ከፊርማዎቹ የመጀመሪያው የእሳቸው ነው።