ማጭዱ ካለ አልቅሷል

ሰኞ

ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ጮኸብኝ። ድንጋይ ላይ ይጮኻል፣ ሣር ላይ ይጮኻል፣ ምንም በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይጮኻል። ልጄ ሰዓዳ «እማ፣ ቀስ! እንደ መጥረጊያ አታወዛውዢው» ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት መጥረጊያ ነው። ሌላ ነገር እንዴት እንደሚወዛወዝ ከየት ልወቅ?

የዋልነው የመጀመሪያ ባሌ የአሕመድ አባት ግቢ ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ወንዙ በባጃጅ፣ ከወንዙ በኋላ በእግር ሽቅብ። ሰው ከለቀቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጣሪያ የለውም። ግድግዳው እስከ ወገቤ ቀርቷል፣ መሐሉ ግራዋ በቅሎበታል። ኦና ቤት እፈራለሁ። ስንገባ ከጀርባዬ የሆነ ነገር ያየኝ መሰለኝ፤ ዞሬ አላየሁም። ለሰዓዳ ምን ብዬ ልንገራት? ዐረብ አገር ኖራ የመጣች ናት፣ ትስቅብኛለች።

ማሽኑን ይዛ የመጣችውም እሷ ናት። አሠሪዋ በረሃ ለበረሃ እየዞረ የተቀበረ ነገር የሚፈልግ ሰው ነበር። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ጣለው፣ እሷ አነሳችው። ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር አለው። ከአፈር በታች ብረት ካለ በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል። አማቶቼ ጠገራ ብር ቀብረው እንደሆነ ብላ ነው የምትደክመው። ትድከም።

እኔ የምፈልገው ማጭድ ነው። ለማንም ስላልተናገርኩ እዚህ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ሰዓዳ ከሰው አገር የምትልክልኝን መልእክት ጎረቤት እንዲያነብልኝ ስላልፈለግሁ። አሁን ደግሞ የራሴን ጎረቤት እንዳያነበው እየፈራሁ እጽፋለሁ።

እዚያ ግቢ ወልጃለሁ። የመጀመሪያዬ፣ ወንድ። እኔም ገና ልጅ ነበርኩ። ሲያለቅስ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር፣ እንደ ጠቦት። አማቴ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው። «ሞቶ ነው የተወለደው። አላለቀሰም» አለችኝ። ሳያለቅስ የቀረ ልጅ ስም አይወጣለትም፣ አይሰገድበትም፣ ከሰው መቃብር አይወሰድም። ግቢ ውስጥ ቀበሩት። «ሰምቼዋለሁ» ብል «የምጥ ቅዠት ነው» አሉኝ። አማቴም አለች፣ ባሌም አለ፣ መንደሩም ተቀብሎ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ መንደር ስሜ እብዲቱ ነው።

ግን ያ ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ልጅ በሕይወት ሲወለድ ጂን እንዳይነካው ማጭድ ከጎኑ ያጋድማሉ። ልጁ ከሞተ ማጭዱም አብሮ ይቀበራል፤ ልጅ መጠበቅ ያቃተው ብረት ተመልሶ እህል አያጭድም ይላሉ። ሞቶ ለተወለደ ግን ማጭድ አይወጣም። ምኑ ይጠበቃል?

እንግዲህ ማጭዱ ካለ አልቅሷል። ከሌለ ያበድኩት እኔ ነኝ። ከጂኑም ከእባቡም በላይ የምፈራው ይህንን ነው።

ጊዜም የለኝም። ኮረብታው ለጠጠር ማምረቻ ተሰጥቷል። ቅዳሜ ዶዘር ይገባል አሉ።

ማክሰኞ

የጮኸው የራሴ ሚስማር ነው!

እናቴ «ኦና ቤት ስትገቢ ብረት ከእግርሽ አይራቅ» ትለኝ ነበር። ጂን ብረት ይፈራል። ሰኞ ጠዋት ወፍራም ሚስማር በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ ነው የወጣሁት። ሳህኑ በእግሬ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ያችን ሚስማር ያገኛታል። ዛሬ ሰዓዳ ቋጠሮዬን አየችና መሬት ላይ ተዘርፍጣ ሳቀች። «አንቺ ብረት ትፈልጊያለሽ፣ ማሽኑ አንቺን ይፈልጋል! ወላሂ እማ፣ አንቺን ነው ቆፍሬ የማወጣው።»

ፈትቼ የፈረሰው ግድግዳ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ እግሬ ራቁቱን የሆነ መሰለኝ። በእያንዳንዱ እርምጃ ቢስሚላህ አልኩ። ነፋስ ግራዋውን ባንኮሻኮሸው ቁጥር እጄ ሚስማሯ ወዳለችበት ይሄዳል።

ማሽኑ ግን ዝም አለ። ዝም ካለ በኋላ መስማት ተማርኩ። ብረት ከሆነ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል። ብር ከሆነ ቀጭን ነው አለች ሰዓዳ። እሷ ቀጭኑን ትጠብቃለች፣ እኔ ወፍራሙን።

ያገኘነው፦ የሰርዲን ቆርቆሮ። የማረሻ ስባሪ። የበር ማጠፊያ። እጀታ የሌለው ማንኪያ። ቀለሃ፣ ብዙ ቀለሃ። የትኛው ጦርነት እንደሆነ አላውቅም። በዚህ አገር ቀለሃ ዘመን የለውም።

ከጓሮው እኩሌታው ተፈተሸ። ማጭድ የለም። ስመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ፤ ከድካም ነው አልኩ። አይደለም።

ረቡዕ

ዛሬ ከሞት ተርፌያለሁ። ፊደሉ ጠማማ የሆነው ለዚህ ነው።

ጠዋት ከጓሮው ጥግ ማሽኑ ክፉኛ አጉረመረመ። ማጭድ ነው ብዬ ዶማውን አነሳሁ። አንዴ መታሁ። ሁለተኛውን ልደግም ስል ሰዓዳ «እማ፣ እጅሽን!» ብላ ጮኸች። ከአፈሩ ውስጥ አረንጓዴ የብረት ዕንቁላል ብቅ ብሏል። የእጅ ቦንብ ነው። ዶማዬ ያረፈው አንድ ስንዝር ወደዚህ ብሎ ነው።

ዶማውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። እስከ ወንዙ ሮጥን። እኔ ሮጥኩ! ነጠላዬ እዚያው ቀረ።

ለቀበሌው ሚሊሻ ነገርነው፤ ደውሎ የሚያውቁ ሰዎች አስመጣ። ከሰዓት በኋላ አነሱት። «ይህ ቦታ ተዋጊ ሰፍሮበት ነበር፤ ሌላም አይጠፋውም። እንዳትመለሱ» አሉን። ሲሄዱ ሚሊሻው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ ከድጃ፣ በዚህ ዕድሜዎ ወርቅ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ።

«ጥርስ ላስተክልበት ነው» አልኩት።

ሳቀ። አላመነኝም። ነገ መንደሩ ሁሉ ወርቅ አወጣች ይላል።

ቤት እንደደረስን ሰዓዳ ማሽኑን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። «በቃ! ለአሮጌ ብር ብዬ እናቴን ቆራርጬ አልለቅምም» አለች። ያኔ ነገርኳት። ስለ ልጁ፣ ስለ ማጭዱ፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም።

«ወንድም ነበረኝ?» አለች።

በሕይወቴ ማንም ስለ እሱ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ወጥቼ ደጅ ቆየሁ።

ሐሙስ

ዘምዘም ዘንድ ሄድኩ። የአሕመድ እኅት ናት። ያን ቀን ውኃ ያሞቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ ቤት በሕይወት የቀረችውም እሷ ብቻ ናት። ከኮረብታው ግርጌ ትኖራለች። ብዙ ዓመት አልተነጋገርንም። ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፣ ራስ ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን።

በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «እብዲቱ መጣች» አለች፣ ለምስሩ የምትነግር ይመስል። ቀጥላ ደግሞ «ወርቁን የት አስቀመጥሽው?»

«ካንቺ ምላስ ሥር።»

«ኧረ እዚያ ቦታ የለም።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥኩት። ለሳቅ አልሄድኩም። «ልጄ አልቅሷል ወይስ አላለቀሰም?» አልኳት።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ማሽን አለሽ አይደል፣ እሱን ጠይቂ።»

«አላለቀሰም በይ። ወላሂ ብለሽ በይ።»

ሻሿን አስተካከለች። ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አወጣች፣ ጣለች፣ ሌላ አወጣች። ዘምዘም በሽንኩርት ዋጋ እንኳ ወላሂ የምትል ሴት ናት። ዛሬ አላለችም።

ተነስቼ ወጣሁ። ከአጥሩ ስደርስ ከኋላዬ ተጣራች። «ያንቺ ቤት እኮ እሱ አይደለም! አንቺን ወደ አባትሽ ከሰደዱሽ በኋላ አባቴ አፍርሶ ፈቀቅ አድርጎ ሠራው። የድሮው ሳማው ያለበት ነው።»

ከሰደዱኝ ወዲህ እግሬ ያን ኮረብታ ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ ቤት ጓሮ ስቆፍር ከርሜያለሁ። ያውም በቦንብ ላይ።

ሳማው ያለበትን አውቀዋለሁ። ያን ያህል ሳማ ሰው ካልኖረበት፣ አመድና እበት ካልተደፋበት መሬት አይበቅልም። አጠገቡ ሦስት ቀን ተመላልሼ አላሰብኩም። ነገ ጁምዓ ነው። ዶዘሩ ከነገ ወዲያ ነው። መሄድ እፈራለሁ፣ አለመሄድንም እፈራለሁ።

ጁምዓ

ሰዓዳ ማሽኑን ራሷ አወረደችው።

ሳማው ጋ ስንደርስ ዘምዘም በምርኩዟ ቆማለች። ማን ጠራት? አልጠየቅሁም። ሰዓዳን ከኦናው ቤት ግድግዳ ኋላ እንድትሆን አዘዝኳት። «አልሆንም» አለች። «ጡት ባጠባሁሽ!» አልኳት፣ ሄደች። ዘምዘምን ግን ማን ያዛታል? እዚያው ተቀመጠች። «እኔ ብሞት ማን ይጎዳል?» አለች።

ሚስማሬን ፈትቼ ግድግዳው ላይ አኖርኩ። ሳማውን በዱላ አስተኛሁ። የበሩ መድረክ ድንጋይ ከሥሩ ወጣ፤ አወቅሁት፣ ስንት ቀን ተቀምጬበታለሁ። ሳህኑን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ አድርጌ፣ እንደ መጥረጊያ ሳይሆን።

ከመድረኩ በስተግራ አጉረመረመ።

ቆምኩ። ማጭድ ሊሆን ይችላል። ቦንብ ሊሆን ይችላል። የሰርዲን ቆርቆሮም ሊሆን ይችላል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከቦንቡ ይልቅ ቆርቆሮውን ፈራሁ።

ዶማ አልነካሁም። በእንጨት ፈቀቅ፣ በእጄ ጠረግ። ሳማው እስከ ክርኔ ለበለበኝ። መጀመሪያ ዝገት ታየ። ቀጥሎ ቀጭን ነገር። ቀጭኑ ጎበጥ አለ። ጎበጥ አለ፣ ጎበጥ አለ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ ዞረ።

ከሥሩ ያለውን አልነካሁም።

ማንም ሳይጠይቃት ዘምዘም ተናገረች። «አልቅሷል። ሁለት ጊዜ ነው ያለቀሰው፤ ሁለተኛውን አንቺ አልሰማሽም፣ ውጭ ነበርን። አባቴ በጆሮው አዛን አለለት። ሳይጨርስ ልጁ አለፈ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አፈሳ ነበረ እኮ! ወጣቱን ሁሉ ለውትድርና ሲያፍሱት። አሕመድ እህል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቋል። ሰው ሞተ ከተባለ ለቅሶ ይጠራል፣ መቃብር ይኬዳል። የልጁ አባት እንዴት ይቀራል? ከወጣ ይይዙታል። ሳያለቅስ ቀረ ካልን ግን ለቅሶም የለ፣ ቀብርም የለ። እናቴ እኔን እንዳልናገር ቁርዓን አስመታችኝ።»

አሕመድን በዓመቱ አጅባር ገበያ ላይ አፈሱት። አልተመለሰም። ዋሽተው የገዙት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳት። ከዚህ የባሰም ነገርኳት፤ እዚህ አልጽፈውም። አቀርቅራ ሰማችኝ፣ ሲያልቅ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይታ፣ አብሽሪ!

ግን ስትነሳ ጉልበቷ እንቢ አላት። እጄን ሰጠኋት። ሌላ ሰው አልነበረም።

በሶላት መውጫ መስጊድ ሄድን። ሸሁ ዘምዘምን ሁለቴ ጠየቋትና «አልቅሷልኮ! ሰው ነው። ይሰገድበታል። ነገ ማልደን እናነሳዋለን» አሉ።

ነገ ማልደን። ዶዘሩም ማልዶ ከመጣስ?

ቅዳሜ

ዶዘሩ ቀድሞን ደርሷል። ሞተሩ ተነስቶ ከመንገዱ ዳር ይንቀጠቀጣል። እግሬ እዚያው ተተከለ። ሰዓዳ ሮጣ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ሸሁ ሹፌሩን አነጋገሩት። ወጣት ነው። ሞተሩን አጠፋ፣ ወርዶ ጫማውን አወለቀና ከኋላ ተሰለፈ።

ሰው አይመጣም ብዬ ነበር። መጡ። እኩሌቶቹ ወርቅ ሊያዩ ነው የመጡት፣ አውቃለሁ። ሚሊሻውም አለ። ያዩት ነጭ ጨርቅ ውስጥ የገባ ጥቂት አፈር ነው። ብዙም ክብደት የለውም። እኔ ራሴ ያዝኩት።

መቃብር ስንደርስ ሸሁ «ስሙ ማነው?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሙግት ተዘጋጅቼ ኖሬያለሁ። ለአማቴ የምመልሰውን፣ ለአሕመድ የምመልሰውን፣ ለመንደሩ የምመልሰውን በልቤ ስፈትል ኖሬ አንድ ስም አላዘጋጀሁም። ሰው ሁሉ ያየኛል። እብድ ናት ያሉት እውነታቸው ነው እንዳይሉ ፈራሁ።

ዘምዘም ከኋላዬ በቀስታ «እናቴ ስትጠቀልለው ሰይድ ስትለው ሰምቻለሁ» አለች።

ከእሷ አፍ የወጣ ስም አልቀበልም ልል ነበር። አፌን ስከፍት ሰዓዳ «ሰይድ ወንድሜ» ብላ ማልቀስ ጀምራለች። ሰይድ ይሁን አልኩ። አማቴን ይቅር አላልኩም። ስሙን ግን ወሰድኩ።

ሸሁ ብረት ከሬሳ ጋር አይቀበርም ብለው ማጭዱን መለሱልኝ። አሁን እዚህ ከደብተሬ አጠገብ ነው። እጄ ላይ የሳማው ቁስል አለ። ስንመለስ ዶዘሩ ግድግዳውን ሲንደው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ያኔ ነው ሚስማሬን እዚያ እንደረሳኋት ትዝ ያለኝ። ከነድንጋዩ ሄዳለች።

ሌላ ሚስማር ልፈልግ ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ የማላውቀውን ያህል ዘመን አብሮኝ ኖሮ በአንድ ቀን የት ይሄዳል?

ግን ሰምቼው ነበር። እንደ ጠቦት። ሰምቼው ነበር።