«ይሁን» ተብሎ ስለተዘጋው የሐሙስ ዜማ ክፍል

ለአካባቢያችን አስተዳደር የሙዚቃ፣ የመዝናኛና የማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአንደበትዎ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። አንደበትን ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው አንድ ማለዳ ሲነቃ ቃላቱ ሁሉ ጥለውት ሄደው ሊያገኝ እንደሚችል በቤተሰቤ ስላየሁ፣ ለሚናገር ሰው ሁሉ እሰጋለሁ፤ ሲናገሩ ለሚውሉ ደግሞ አብልጬ እሰጋለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመድኃኒት ጥራት ምርመራ የሠራሁና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ያልመዘንኩትን አለመናገር የሙያዬ ልማድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈሩትን ቅሬታዎች ሦስት ጊዜ አንብቤ ማስረጃ የሌላቸውን አውጥቻለሁ፤ ስድብ የሚመስሉትንም በሌላ ወረቀት ላይ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ወረቀቱን በፈለጉ ጊዜ እልክልዎታለሁ።

ጉዳዩ ታላቅ ወንድሜን ይመለከታል። ወንድሜ ሃያ ስድስት ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በድምፅ ማጉያ፣ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቅ የኖረ ሰው ነው። የከተማው ሰው ፊቱን ባያውቀውም ድምፁን ያውቀዋል፤ ስንቱን መንገደኛ ሻንጣ አሸክሞ አስሮጧል። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን አዳከመው፤ ቃላቱንም ወሰደበት። የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል፣ በካርታ ጨዋታ ዛሬም ያሸንፈኛል፤ ለመናገር አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይሁን»። ሻይ ይምጣልህ ቢሉት ይሁን፣ እግርህን አመመህ ቢሉት ይሁን፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም መልሱ ያው ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን ይህ መልስ አይደለም፤ ከፈረሰ ቤት ሳይሰበር የተረፈ አንድ ጡብ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎን ከልቤ የማመሰግንበት ጉዳይ አንድ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ላስቀድመው። ንግግር የተዘጋበት ሰው አንዳንድ ጊዜ በዜማ መንገድ ያገኛል። ከሃያ ወራት በፊት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል፣ አንድ አኮርዲዮንና ለጡረታ የተቃረቡ አንዲት የሙዚቃ መምህርት ፈቀዱልን። በየሐሙሱ እንደ ወንድሜ ንግግር ያጡ ዐሥራ አንድ ሰዎች በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ መምህርቷ የዕለት ተዕለት አነጋገርን በአጭር ዜማ ያስገባሉ፤ እነሱም በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይደጋግማሉ። ውሃ ፈልጌ ነበር። ብርድ ልብሱን አልብሱኝ። የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው። ወንድሜ ዳነ አልልም፤ ማስረጃው ይህን አይፈቅድልኝም። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግን፣ ሲጀምር ዜሮ የነበሩት በዜማ የሚላቸው ሐረጎች፣ ክፍሉ በተዘጋበት ሳምንት አርባ አንድ ደርሰው ነበር።

ሠላሳ ሁለተኛው የሚስቱ ስም ነበር። ጀርባዋን ሰጥታው ልብስ ስታጣጥፍ ስሟ በዜማ ሲጠራ ሰማች፤ ሬዲዮ መስሏት መጀመሪያ አልዞረችም። ከዞረች በኋላ «እስቲ ድገመው፤ ካልደገምከው አላምንህም» አለችው። ደገመው። የቀረው ልብስ በዚያ ቀን ሳይታጠፍ ቀረ።

ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ ምደባችን። ጽሕፈት ቤትዎ እኛን «መዝናኛ» ከሚለው ዘርፍ መመደቡ ያኮራናል። በዚህም መሠረት በየሦስት ወሩ የምንሞላው ቅጽ የተመልካቹን ብዛትና የጭብጨባውን ሁኔታ ይጠይቃል፤ «ደማቅ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ቀዝቃዛ» ብሎ መምረጥ ግዴታ ነው። ተመልካች የለንም። ከአባላቱ ለሰባቱ የሚታዘዛቸው አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ለእውነት የቀረበው መልስ «መካከለኛ» መስሎ ታይቶኝ እሱን ሞላሁ። ጉዳያችን የጤና ነው ብለን ስናመለክት ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ተላክን፤ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ አኮርዲዮን የሕክምና መሣሪያ አይደለም ብሎ ወደ እናንተ መለሰን። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ስድሳ አራት ደረጃዎች አሉ። ስለ አካል ብቃት እንቅስቃሴው አመሰግናለሁ፤ ለነዋሪው ጤናማ እንቅስቃሴ የተመደበው በጀት በትክክል ሥራ ላይ ውሎ ያየሁት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ግምገማው። ሦስት አባላት ያሉት ገምጋሚ ቡድንዎ አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቤተሰቦች ተጽዕኖ እንዳናደርግ በሚል ወደ ኮሪደሩ ወጣን፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ሰብሳቢው በግማሽ ክብ ተቀምጠው ዝም ያሉትን ሰዎች አይተው ጸጥታውን አደነቁ፤ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ሥርዓት ያለው ስብሰባ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። መምህርቷ የአባላቱን ሁኔታ ሊያስረዱ ሲነሡ፣ የባለሙያ አስተያየት በተራው ይሰማል፣ መጀመሪያ ተጠቃሚው ራሱ ይናገር ተባሉ። የተጠቃሚው ድምፅ ይሰማ ማለት በጎ መርህ ነው፤ ለዐሥራ አንድ ድምፅ ላጡ ሰዎች መቅረቡ ብቻ ትንሽ አሳሰበኝ።

ሰብሳቢው ወንድሜን፣ ጽሕፈት ቤቱ በጀቱን ለሌላ ሥራ ቢያዞረውና ክፍሉ ቢዘጋ ይስማማሉ ወይ ብለው ጠየቁት።

«ይሁን» አለ ወንድሜ።

ከአፉ የወጣውን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ራሱን ወዘወዘ፣ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም «ይሁን» ሆነበት። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዘወር ብለው «አጥብቀው መስማማታቸው ይጻፍ» አሉ። ወንድሜ በቀረችው መንገድ፣ በዜማ፣ ካሉት ሐረጎች ለነገሩ የቀረበውን ፈልጎ ማሰማት ጀመረ፤ ያገኘውም «ገና አልጨረስኩም፣ ሳህኑን አታንሱብኝ» የሚለውን ነበር። ቃለ ጉባኤው ይህን «ስምምነቱ በተጠቃሚው ዘፈን ታጅቦ በደስታ ተጠናቋል» ሲል መዝግቦታል።

ከእሱ ቀጥሎ የተጠየቀው ጡረተኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ለእሱ ከበሽታው የተረፈችለት ቃል የጠያቂዋን ወይም የጠያቂውን እናት የምትመለከት፣ እዚህ የማልጽፋት ስድብ ናት። በጥሩ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ ተናገራት። ቃለ ጉባኤው «አስተያየት የለኝም ብለዋል» ይላል። ከዚህ የምረዳው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከአፍ የወጣ ሁሉ የልብ ቃል እንዳልሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑን ነው፤ እውቀቱን ግን የሚጠቀምበት ነገሩ ሰብሳቢውን ሲነካ ብቻ ነው። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዱ ሁለት ናሙናዎችን በሁለት ሚዛን የሚመዝን ባልደረባ ሲገኝ ከሚዛን የራቀ ሥራ እንፈልግለት ነበር። በዕለቱ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ለጥያቄው የሚመጥነው የጋጋሪው ነው የሚል አስተያየትም በኮሪደሩ ተሰምቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አልመዘገብኩም።

ሦስተኛ፤ ስለ ክፍሉ። ክፍሉ ያለ ሥራ እንዳልተቀመጠ በማየቴ ተጽናንቻለሁ። በመስኮቱ እንደተመለከትኩት እስከ ጣሪያው በተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሞልቷል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንደነገረችኝ ወንበሮቹ «መዝናኛን ለሁሉም እናዳርስ» ለተሰኘው የምክክር ስብሰባ የመጡ ናቸው። አኮርዲዮኑ ከወንበሮቹ ኋላ ነው። መምህርቷም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የእንግዳ አቀባበል ባንድ ተዛውረው፣ የሆነ ቦታ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር ይጫወታሉ። እኛ ቤት ለመሰብሰብ ሞክረን ነበር፤ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ከዐሥራ አንዱ ወጥተው የደረሱት አራት ናቸው። ጋጋሪው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ፣ ያቺኑ ቃሉን ለደረጃው ተናግሮ ተመለሰ።

ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አለፈ። አርባ አንዱ ሐረጎች ሃያ ስምንት ሆነዋል። የትኞቹ እንደጠፉ ለወንድሜ ሚስት አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ነገር ግን አሁን አሁን ጠዋት ላይ ሥራ ሳይኖራት ጀርባዋን ሰጥታው ቆማ አገኛታለሁ። እስከ እሑድ ድረስ ስሟ ከቀሩት መካከል ነበረ።

አራተኛ፤ ስለ አቤቱታ አቀራረብ። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ በተጠቃሚ ስምምነት የተዘጋ ፕሮግራም እንደገና ሊታይ የሚችለው፣ የተስማማው ሰው ራሱ በአካል ቀርቦ፣ ያለ ወኪልና ያለ ጽሑፍ፣ በራሱ አንደበት ስምምነቱን ሲያነሣ ነው። ወንድሜ መናገር የማይችል ሰው መሆኑን ገለጽኩላቸው። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ እንዴት ተስማሙ?» አሉኝ። ጥያቄው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ደንቡን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «በራሱ አንደበት» ይላል፤ ያለ ዜማ አይልም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ በጽሕፈት ቤትዎ ቀርቦ አቤቱታውን ያሰማል። መምህርቷ በምሳ ሰዓታቸው፣ በሁለት ሪባኖች መካከል፣ ሦስት ስንኝ አዘጋጅተውለታል። የመጀመሪያው «አልተስማማሁም» ነው። ሁለተኛው «ክፍሉን ክፈቱልኝ» ነው። ለሦስተኛው አምስት አማራጭ ቢቀርብለት አራቱን በእጁ ገፍቶ የመረጠው «ቃሎቼ እዚያ ናቸው» የሚለውን ነው። እስከ ትናንት ድረስ ሁለቱን አድርሶ ሦስተኛው መሐል ላይ ይቆማል። ገና ሦስት ቀን አለን፤ ከቆመ ደግሞ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ ለሐሙስ ጠዋት ሌላ ቀጠሮ እንዳይዙ አሳስባለሁ። የቀሩት ዐሥር አባላትም የየራሳቸው አቤቱታ ስላላቸው አብረው ይመጣሉ። ጋጋሪው ዜማውን ገና ስላልለመደው የእሱን አቤቱታ በንግግር ያቀርባል፤ እናትዎ በሕይወት ካሉ በዚያ ሰዓት ቢሮዎ ባይገኙ እመርጣለሁ።

የመጨረሻ ልመናዬ አንድ ናት። ወንድሜ ዜማውን ሲጨርስ በሚያምር የቢሮ አነጋገርዎ «ክፍሉ እንዲከፈት ባቀረቡት አቤቱታ ይጸናሉ?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልስልዎትን ቃል አስቀድመው ያውቁታል። ጸሐፊዋ አጥብቆ መስማማቱን ትጻፍ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ስላነበቡ፣ ካላነበቡም በሚገባ አቅፎ ለሚያስቀምጠው መደርደሪያዎ፣ እንዲሁም ዐሥራ አንድ ዝምተኛ ሰዎችን ከማዳመጥ ይልቅ ወንበር ለማዳረስ ለሚተጋው ጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን የማይለካ (ለመለካትም ያልሞከርኩትን) አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ድምፅዎ ሳይጎድል ለብዙ ዓመታት እንዲኖሩ የምመኝ፣

የመናኸሪያው አስታዋቂ ታናሽ እህት፣
የቀድሞ የመድኃኒት ጥራት መርማሪ

ግልባጭ፦
ለጤና ጽሕፈት ቤት
ለቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ (በርዎ ላይ ቆሜ የጨመርኩት)፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ የቢሮዎ ጥበቃ ሠራተኛ ከዜማ ቡድናችን በዐሥራ ሁለተኛ አባልነት እንዲመዘገቡ ጠይቀውኛል። ስትሮክ እንዳልመታቸው ባስረዳቸውም፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በርዎ ላይ ቆመው እንዲናገሩ የተፈቀደላቸው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ብቻ ስለሆነ መስፈርቱን አሟላለሁ ብለው ተከራከሩኝ። ክርክራቸው አሳማኝ ሆኖ ስላገኘሁት ተቀብያቸዋለሁ። ወፍራም፣ ደስ የሚል ድምፅ አላቸው። ሐሙስ ዕለት በሩን ከፍተው አብረውን ይገባሉ፤ ስብሰባው እውነት መኖሩን ለማየት እንደሚጓጉም ነግረውኛል።