ሳልሰማ ያልኩት አሜን

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ደረትሽን የሚይዝሽ ሳል ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን ስትወጪ ሁለቴ ታርፊያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አፍ የሌለኝ ሰው ሆኜ ነው የምጠይቅሽ። ሚጣዬ፣ አንቺ የምታነቢላት እህቴ፣ አደራሽን! ለእኔ አዝነሽ አንዲት መስመር እንዳትዘልዪ። ብትቆጣም አንብቢላት።

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶት። ደህና አይደለሁም እማዬ። እዚህ ሰው አገር አንሶላ የምተኩስበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ከተዘጋ አራት ወር ሆነው። በአንድ ጠዋት ሁላችንንም ቱታችንን አስረክበን እንድንወጣ ነገሩን፤ ወጣን። አሁን ክፍል ለምጋራቸው ልብስ ሰፊ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ሱሪ እየተኮስኩ እውላለሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልነገርኩሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትዪ እየሰማሁ ያደግኩት ልጅ፣ ደበቅኩሽ።

በየጠዋቱ በድምፅ የምትልኪልኝን ምርቃት እንደምን እረሳዋለሁ? የነካኸው ይለምልም፣ እጅህ አይዛል ትዪኝ ነበር። ሥራ ሳለኝ እሱን ሰምቼ ነበር ካውያውን የምጨብጠው። ሥራው ሲቀር ግን ምርቃትሽ እንደ ስድብ ይሰማኝ ጀመር፤ ይቅር ይበለኝ። ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? የስልኩን ድምፅ አጠፋና መልእክትሽን ከፍቼ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ሚጣ በስልክሽ ላይ የመከፈቱን ምልክት ስታይ ሰምቶታል እንድትልሽ ነው። ሲያልቅ አውጥቼ "አሜን እማዬ" ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል። ከእግዚአብሔርም ጋር እንደዚያው ነበርኩ። ከበር ስወጣ አማትባለሁ፣ አሜን እላለሁ፤ ልቤ ግን የለም። ምን ብዬ ልለምነው? አፍሬው ነበር፤ አልዋሽሽም፣ አኩርፌውም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ድምፁን ማጥፋት ረስቼ መልእክትሽን ተጫንኩት። ድምፅሽ ክፍሉን ሞላው። "እሺ ልጄ፣ እንደ ቃልህ ይሁን" አልሽ፤ ሌላ የለም። ጋሼ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ምን ቃል ሰጥተሃት ነው አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! በዋዜማው የላክሽውን ከፈትኩ። ምርቃት አልነበረም። ሳሉ እንደበረታብሽ፣ ሐኪሙም ፊቱ እንዳላማረሽ ነግረሽኝ፣ "ልጄ፣ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ፈራሁ፤ እንዲያው ሳንተያይ ልንቀር ነው ወይ?" ብለሽኛል። ከሥሩ የእኔ ጽሑፍ አለ። አሜን እማዬ ይላል።

አፌን ቁርጥ ያድርገው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ በሰው ስህተት መቀለድ ይወዳሉ፤ የዚያን ቀን ግን መነጽራቸውን አውልቀው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉኝና ተነስተው ወጡ። ወዲያው ጋሼ ትተውት በሄዱት ስልክ ደወልኩልሽ። "ሃሎ" ስትዪ ዘጋሁት። ማን ነው ይሄ ባለጌ ብላችሁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ።

ከዚያ የአራት ወሩን መልእክት ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዱን እየሰማሁ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ፤ ጎረቤቶቼ አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም። የጎረቤትሽን ድመት ስታሚያት በሳቅ ፈረስኩ፤ ሌባ እኮ ናት፣ እውነትሽን ነው። አንዱ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ሥራው በቀረ በሁለተኛው ሳምንት የላክሽው ነው። ሥራህ እንደቀረ ልቤ ነግሮኛል፣ እኔ የወለድኩት ልጅ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም፣ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና ብለሽኛል። ለዚያም አሜን ብዬሻለሁ። አሜን ብዬ፣ ሦስት ወር ተኩል ተደበቅኩሽ! አንቺን የምታውቂውን ስደብቅሽ፣ እግዚአብሔርን የሚያየውን ስደብቀው። አቤት ጅልነቴ!

እመጣለሁ እማዬ። ከዚህ አገር የመውጫ ወረቀቴ በአሥራ አምስት ቀን ተሠርቶ ያልቃል ብለውኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው፤ የእሱ ወረቀት ስላለቀ ነገ ይነሳል። እኔ የምመጣው በአንድ ሻንጣ ነው፤ እሱም ግማሹ ባዶ ነው። ሰፈሩ ምን ይለኛል እያልኩ ነበር የቀረሁት፤ እንግዲህ ያለውን ይበል። ከቅዳሜ ወዲህ አልላክሽልኝም፤ ሦስት ጠዋት ሆነው። ተቀይመሽኝ ከሆነ ደግ አደረግሽ። ለመናገር አቅም አጥተሽ ከሆነ ግን፣ እሱን ማሰብም አልችልም።

ሚጣዬ፣ ያቺን አሜን አንብበሽላት ሳትሰድቢኝ የቀረሽ እህቴ፣ ስመጣ ስደቢኝ። አናጢውን ባልሽን በጣም ናፍቄዋለሁ በይልኝ፤ እማዬን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ሥራውን እንደሚፈታ ሰምቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ትንሿን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባለድመቷ ጎረቤታችንም ሰላምታዬ ይድረሳት።

እማዬ፣ ጸሎት ጠፍቶብኛል። ጠዋት ተንበርክኬ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታዬ፣ ያቺን አሜን እንዳልሰማሃት ሁንልኝ እላለሁ። እኔን ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። አንቺን ግን ይሰማሻልና፣ አንቺም እንዲሁ በይልኝ።

የማይረባው ልጅሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፱ ቀን