በዝናብ ብቻ የሚታመም መኪና

ጋምቤላ፣ ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

መኪናዬ የሚታመመው በዝናብ ብቻ ነው። የመካኒኩ የጀማል ጋራዥ ደግሞ የማንጎ ዛፍ ጥላ ስለሆነ የሚሠራው በፀሐይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ወስጄለት ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው። ውሃ እናርከፍክፍበትና የት ላይ እንደሚያስነጥሰው እንየው» አለኝ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ፣ በገዛ እጄ ሞተር ላይ ውሃ አላፈስም ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ዛሬ ሰማዩ ሳያስፈቅደኝ አፈሰሰበት። አቦቦ ወረዳ ያለችው እህቴ በወባ ከተኛች አምስት ቀኗ ነው። ሆስፒታል ላመጣት ስነሳ ገና ከከተማው ሳልወጣ መኪናው ቀጥ አለ። ለጀማል ደወልኩ። «ለሞተሩ እሳት የሚያቀብለው የካንዴላ ገመድ ተሰንጥቆ ውሃ እያስገባ ይሆናል። ሲያባራ ይምጡ» አለ። ሲያባራ መኪናው በራሱ ጊዜ ተነሳ።

እህቴን ያገኘኋት መንገድ ላይ ነው፤ ከጎረቤቷ ሞተር ሳይክል ኋላ፣ ላስቲክ ተከናንባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ወደ መኪናው አስገባኋት።

«መኪናው ተበላሽቶበት ነው እንጂ እሱ አይቀርም እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስሟገትልህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ሞተሩን ታዳምጥ ጀመር።

እንደዚያ አምሮበት ሠርቶ አያውቅም።