ቀይ እራፊ ስላለው ዊልቸር

ለተከበሩ የሰፈራችን የድጋፍ ማህበር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱ እግሮችዎ፣ ሙሉ ደህንነትን እመኛለሁ፤ እግሩ የከዳው ሰው በማህበርዎ እጅ እንደሚወድቅ ካየሁ ወዲህ ለወዳጅም ለጠላትም የምመኘው ይህንኑ ነው።

እኔ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ መራመድ ስላልቻለች፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለው ሱቋ እንደተዘጋ ነው። አከራዩም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈተችው ለፀጉር አስተካካዩ እንደሚሰጡት ነግረዋታል። እንግዲህ የቸገራት ነገር ከአልጋዋ እስከ ስፌት መኪናዋ የሚያደርሳት ወንበር ብቻ ነው። ማህበርዎ ይህን ችግር ስላቃለለበት ጥበብ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ፍላጎቷን እንዲያጠኑ ስለላኳቸው ትሑት ባለሙያዎች አመሰግናለሁ። «እትዬ፣ ምን ያስፈልግዎታል?» ቢሏት «ዊልቸር» አለች። «ከዚያስ ሌላ?» ቢሏት «ዊልቸር ነዋ!» አለች። «እሱማ ገብቶናል፣ ውስጥዎ ግን ምን ይፈልጋል?» ብለው በጥልቀት ካጠኑ በኋላ «ራስን መቻል» ለተሰኘ ሥልጠና ጋበዟት። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነና አሳንሰር ስለሌለው፣ እህቴ ራሷን መቻል የተማረችው በእኔ ጀርባ ታዝላ ሄዳ ነው። ማን ማንን እንደቻለ ወገቤ ይመስክር።

፪. ዊልቸሩ በመጨረሻ ከፎቶ አንሺ ጋር መጣ። መቀመጫው ተቀድዶ ነበር፤ እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው እህቴም «ተቀድዶ እያየሁማ አልቀመጥበትም» ብላ፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን እስኪያስተካክል ድረስ በቀይ እራፊ ጣፈችው። ፎቶ ተነሣች፣ አጨበጨብን፣ ሾፌራችሁም ወንበሩን አጣጥፎ መኪና ላይ ጫነው። ለምዝገባ ነው፣ ይመለሳል ተባልን። እህቴ አመነች። እኔ ግን ስጦታ መጥቶ ሲሄድ ነገሩ አይጥመኝም፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ቢሉኝም ወደ ቢሮዎ መጥቼ መጎርጎሬን አልደብቅዎትም።

፫. በኮሪደራችሁ ግድግዳ ላይ «ዊልቸር ያገኙ ወገኖቻችን» በሚለው ጽሑፍ ሥር ጫማ ሰሪው፣ ጡረተኛው መምህርና የዳቦ ጋጋሪው እናት በየወንበራቸው ፈገግ ብለዋል። ከሁሉም ሥር ያው ቀይ እራፊ ብቅ ብሏል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እህቴን ነው፤ ሳትነግረኝ በየቤቱ እየዞረች ትጥፍ ይሆን? መራመድ እንደማትችል ትዝ ሲለኝ ግን ወደ ጫማ ሰሪው ሄድኩ። «ጋሼ፣ እኔማ የተቀመጥኩበት ፎቶው እስኪነሣ ነው» አለኝ። አንድ ወንበር ለስንት ሰው እንደሚበቃ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ያለፈው ሳምንት ጉብኝት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሰዎችዎ የእህቴ ሕይወት እንዴት እንደተለወጠ ፎቶ ለማንሣት ያንኑ ወንበር ይዘው መጡ። ሰጥተናታል የምትሏትን ሴት ፎቶ ለማንሣት ወንበሩን ከመኪና ማውረድ ነበረባቸው፤ ይህ ማንንም አልከነከነውም። እህቴ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ ይበሉ፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል» አላት። ታዛዥ ናትና ጠጋ አለች፤ ደግሞ ጠጋ አለች፤ ከዚያ በሩን አልፋ ቁልቁል ወደ ሱቋ ወረደች። እኔም እንግዳ አክባሪ ስለሆንኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ ባለሙያዎችዎን ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ እናቶቻቸውና ስለ አክስቶቻቸው ጤንነት በየተራ ጠየቅኋቸው። ሰላምታ ደግሞ መሃል ላይ አይቋረጥም።

ሱቁ ተከፍቷል። ፀጉር አስተካካዩም የመጀመሪያው ደንበኛዋ ሆኖ ሽርጡን አሳጥሯል።

ለዚህ ላበቁን ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዝቅ ስል ግን ወንበር ከሥሬ እንዳይወሰድ ዞር ብዬ እያየሁ፣

የልብስ ሰፊዋ ወንድም፣
የእህትና የወንድም ልጆች ሁሉ «አጎቴ ነገረኛው» የሚሉኝ

የዘነጋሁት፦ ዊልቸሩን የሚያስመልስ ሰው ሊልኩ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሱቁ ጠዋት ይከፈታል፣ እህቴም ወንበሩ ላይ ትገኛለች። አደራዎን፣ ፎቶ አንሺውም አብሮ ይምጣ፤ ስትሰጡ የተነሣችሁት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ ስትወስዱ የተነሣችሁት ግን አንድም አላየሁም።